የመስኮት ብርሃንና ደረቅ ፍሬ

(በፎቶግራፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለጋዜጣው እንዲስማማ ጥቂት የታረመ)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር የደረቁ ዕፀዋትንና ዘር የያዙ ደረቅ ፍሬዎችን በቤት ውስጥ፣ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ብቻ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ «ለምለሙ ሞልቶ ሳለ ደረቁን ምን አሰኘው?» ያሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ለእነርሱ ወዲያው እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ይህን ርእስ ያስመረጠኝን ጉዳይ በግልጥ ልናገር። በክበባችን ሣጥን ውስጥ ባለው ጥቂት ገንዘብ የብልጭታ መብራት ይገዛበት የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ሊሰጥበት ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን ለክበቡ አስበው መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እኔ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነኝ። ተቃውሞዬም ገንዘብ ለመቈጠብ ብቻ አይደለም። በየክፍላችን ያለውን ብርሃን ገና አልተጠቀምንበትም ባይ ነኝ። ይህንንም በክርክር ከማስረዳት በአንድ ትንሽ ሥራ ላይ ማሳየት ይሻላል ብዬ ደረቁን ፍሬ ይዤ መጣሁ።

(ጋዜጣችን በማባዣ መኪና የሚወጣ ስለ ሆነ ፎቶግራፍ ሊይዝ አይችልም። በስብሰባው ላይ በእጄ ይዤ ያሳየኋቸውን ሥዕሎች አንባቢው በቃል ብቻ እንዲከተለኝ እለምናለሁ።)

ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። ዘሩን ሸፍኖ የሚይዘውን ደረቅ አካል ሰው እንደየዓይነቱ ይጠራዋል፤ የበርበሬው ዛላ ነው፤ የሌላው ቅርፊት ነው፤ የሌላው ገለባ ነው። እኔ ለዛሬው ንግግሬ ሁሉንም በአንድነት «የዘር ቤት» እላቸዋለሁ።

እንግዲህ ደረቁን ለምን መረጥሁ? ደረቅ ነገር ይጠብቃል። ለምለም አበባ ከተቀጠፈ በኋላ ዕድሜው በሰዓት የሚቈጠር ነው፤ ገና ካሜራው ሳይዘጋጅ አንገቱን ይደፋል። የዘር ቤት ግን ዛሬ ብርሃኑ ባይስማማ ነገ፣ ነገም ባይሆን በሚመጣው ሳምንት እዚያው መደርደሪያው ላይ ይገኛል። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ታጋሽ ነገር አላውቅም። ቀለሙም ጥቂት ነው፤ ቡናማና ግራጫ፣ ገለባ የመሰለ ቢጫም ጭምር። ዓይን በቀይና በሐምራዊ መደሰቱን ሲያጣ ወደ ቅርጹ ለመሄድ ይገደዳል። በዚህ ላይ ደግሞ የሚገዛ ነገር አይደለም። በበጋው ወራት የጃካራንዳው፣ የግራሩ፣ የባሕር ዛፉ ፍሬ በየመንገዱ ዳር ወድቆ ይገኛል። ከዛፉ ላይ መቀንጠስ እንኳ አያስፈልግም።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። በአውሮፓ የተጻፉትን የፎቶግራፍ መማሪያ መጻሕፍት ያገላበጠ ሁሉ «ወደ ሰሜን የሚመለከት መስኮት ምረጥ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትምና» የሚል ምክር ያውቃል። ምክሩ ለለንደንና ለበርሊን ደኅና ምክር ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ግን መታረም ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። ፀሐይ ደግሞ በሰኔ ወር አጋማሽ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ትዘልቃለች። ስለዚህ ከሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ጀምሮ እስከ ነሐሴ 23 ቀን ገደማ ድረስ በእኩለ ቀን ፀሐይ የምትውለው ከአናታችን በስተ ሰሜን ነው። ከዓመቱ ሲሶ የሚበልጠው መሆኑ ነው። በእነዚህ ወራት በሰሜን መስኮት በኩል፣ በተለይ ጠዋትና ማታ፣ ጠርዙን ታክኮ የሚገባ ፀሐይ አለ፤ መጽሐፉን አምኖ ጠረጴዛውን እዚያ የዘረጋ ሰው ይደናገራል። በታኅሣሥ ግን በእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል የሰሜኑ መስኮት ቀኑን ሙሉ ከቀጥተኛ ፀሐይ ነፃ ነው። አብዛኞቹ የዘር ቤቶች ደርቀው የሚገኙትም በዚሁ ወራት ነው፤ ነገሩ ሆን ተብሎ ለእኛ የተመቻቸ ይመስላል። በክረምትም ቢሆን ተስፋ አይቈረጥም። የሐምሌ ደመና ሰማዩን በሙሉ ሲሸፍነው የየትኛውም አቅጣጫ መስኮት ለሥራ ይሆናል፤ ብርሃኑ ብቻ ይደክማል።

ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ ከሚመለከት መስኮት በቀር ሌላ የሌለው ሰውም ከሥራው አይቀርም። ከእናቱ ወይም ከእኅቱ አንድ ነጠላ ይዋስ። ነጠላው በመስኮቱ ላይ ሲዘረጋ ቀጥተኛው ፀሐይ በጨርቁ ላይ ይበተንና መስኮቱ በሙሉ አንድ ነጭ የብርሃን ገጽ ይሆናል። ነጠላው ንጹሕ ነጭ ይሁን፤ ጥለቱ ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ ይዋል፤ ቀይ ጥለት የሚያልፈውን ብርሃን ቀይ ያደርጋልና።

የመስኮት ብርሃን መልካምነቱ ከምን እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል። መስኮት ሰፊ ነው። ብርሃኑ እንደ አምፑል ከአንድ ነጥብ አይፈነጥቅም፤ ከአንድ ገጽ በሙሉ ይመጣል። ስለዚህ የጥላው ጠርዝ በአንድ ጊዜ አይቈረጥም፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዕቃውን ወደ መስኮቱ ባስጠጋችሁት መጠን መስኮቱ ለዕቃው እየሰፋ ጥላውም እየለሰለሰ ይሄዳል። ወደ ክፍሉ ውስጥ ባራቃችሁት መጠን ብርሃኑ ይቀንሳል፤ የጥላው ጠርዝ ግን እየተሳለ ይሄዳል። ይህን ከእኔ ከመስማት አንድ ፍሬ በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ጠረጴዛውን መግፋትና መሳብ ይበልጣል። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

በካሜራው ራስ ላይ የሚሰካው ብልጭታ ግን ብርሃኑን የሚልከው ዓይናችን ከሚያይበት አቅጣጫ ነው። ጥላው ሁሉ ከዕቃው ኋላ ይደበቃል፤ ጐድጓዳው ከጕብታው እኩል ይበራል። ይህን ሥዕል እዩት። የጃካራንዳ የዘር ቤት ነው፤ በብልጭታ የተነሣ። ቡናማ ሳንቲም ይመስላል። ይህኛው ደግሞ ያው ፍሬ ራሱ ነው፤ በጎን በመስኮት ብርሃን ተነሥቷል። ሁለቱ ገጾች በጠርዛቸው የሚገናኙበት ስፌት፣ መሐሉ ወጣ ማለቱ፣ በአንድ በኩል አፉን ከፈት አድርጎ እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳውን ባለ ክንፍ ዘር ማሳየቱ ሁሉ የታወቀው በጥላው ነው። በሥዕል ላይ ጐድጓዳ ጐድጓዳ መሆኑን የሚመሰክርልን ጥላ ብቻ ነው፤ ሌላ ምስክር የለንም።

ብልጭታውን ከካሜራው ነጥሎ በጎን ማቆም፣ በነጭ ጨርቅም ማለስለስ እንደሚቻል አውቃለሁ። የሐሳቡ ደጋፊዎች ይህንኑ እንደሚመልሱልኝ እገምታለሁ፤ እውነታቸውንም ነው። ነገር ግን ብርሃኑን ወደ ጎን ወስደን፣ አስፍተን፣ አለስልሰን ከጨረስን በኋላ ያገኘነው ነገር መስኮት ነው። መስኮት ደግሞ በየክፍላችን አለ።

አሁን ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

በቀላሉ እንጀምር፤ የነጭ ባሕር ዛፍ ፍሬ። ዛፉ ከአውስትራልያ የመጣ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ነው፤ ፍሬውን ረግጦ ያላለፈ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ላይ ላዩን ስናየው ግራጫ ድንጋይ ነው። በጠረጴዛው ላይ አስቀምጣችሁ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ላዩን ታክኮ እንዲያልፍ ብታደርጉ ግን አራቱ ጎድኖቹ ይነሣሉ፤ ኪንታሮት የመሰሉት ጕብጕብታዎች ይቈጠራሉ፤ ዘሩ የሚወጣባቸው ስንጥቆች በጠፍጣፋው አናቱ ላይ ጥቁር ሆነው ይታያሉ። ትኩስ ሲሆን በላዩ ላይ ዱቄት የመሰለ ስስ ሰም አለ። በጣት ከነካችሁት ይጠፋል፤ የጣት አሻራም ይቀርበታል። ፍሬውን በጭራው ያዙት።

ግዛዋን ብዙ ሰው በአጥር ሥር ያውቀዋል። ፍሬውን እንደ ፋኖስ የሚከበው ቀጭን ሽፋን አለው፤ ሲደርቅ እንደ ስስ ወረቀት ይሆናል፤ በውስጡም ብርቱካንማ ቀይ ፍሬ አለ። በዚህ ላይ የጎን ብርሃን ብዙ አያሳይም፤ ላዩን ብቻ አብርቶ ይቀራል። ስለዚህ ግዛዋን በካሜራውና በመስኮቱ መካከል፣ ትንሽ ወደ ጎን ገለል አድርጋችሁ አቁሙት፤ ብርሃኑ ከኋላ ይግባበት። ያን ጊዜ ሽፋኑ ይበራል፤ ደም ሥሮቹ ይታያሉ፤ ፍሬውም በመሐሉ እንደ ፍም ይቀመጣል። ከፊት በኩል አንድ ነጭ ወረቀት ያዙለት፤ ከመስኮቱ የመጣውን ብርሃን መልሶ እንጨቱን እንዳይጠቍር ያደርገዋል። የክትክታም ፍሬ እንዲሁ ነው፤ ክንፎቹ ወረቀት ናቸው፤ ብርሃን ካላለፈባቸው ክንፍነታቸው አይታወቅም። ይህን በምትሠሩበት ጊዜ ካሜራው መስኮቱን አይቶ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ፍሬውን ያጨልመዋል። አትስሙት፤ ብርሃኑን በእጃችሁ ጨምሩ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የብርብራን የዘር ቤት ነው፤ ትንሽ ብቈይበት አትቈጡኝ። ብርብራ በተፈጥሮው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው። የቡና አገር ልጆች በቡና ጥላነቱ ታውቁታላችሁ፤ የዘሩን ዱቄት ወደ ውሃ ጨምረው ዓሣ የሚያደነዝዙበት እንዳሉም የታወቀ ነው። የዘር ቤቱ ረዥምና ጠፍጣፋ ሆኖ ላዩ እንደ ከፋይ ጨርቅ በጥቃቅን ጠጕር የተሸፈነ ነው። ሲደርቅ በቅርፊቱ ውስጥ በተለያየ አቅጣጫ የተደረደሩት ጭረቶች እኩል አይኰማተሩም፤ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ይስባል። ጕተታው ሲበረታ ሁለቱ ገጾች በድንገት ተላቀው እንደሚጨመቅ ጨርቅ ይጠመዘዛሉ፤ ዘሩም ይወረወራል። ድምፁ ከክፍሉ ማዶ ይሰማል።

እንዲህ ያለውን ነገር ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ምን ማሳየት አለበት? የእኔ አሳብ ሁለት ሥዕል ያስፈልጋል የሚል ነው፤ አንዱ ሳይፈነዳ፣ ሁለተኛው ከፈነዳ በኋላ። ሳይፈነዳ የሚነሣውን አንዱ ጫፉ ወደ መስኮቱ እንዲያመለክት አድርጋችሁ አጋድሙት። ብርሃኑ በርዝመቱ ታክኮ ስለሚሄድ ዘር ያለበት ቦታ ሁሉ እንደ ኮረብታ ብቅ ይላል፤ ሳትከፍቱት ስንት ዘር እንዳለው መቍጠር ትችላላችሁ። ከመስኮቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ብታጋድሙት ግን ጠርዙ ይበራል፤ ኮረብታዎቹም ይደክማሉ። ይህ ነው እንግዲህ የማዞር ጥበብ፤ መብራቱን ማንቀሳቀስ ባንችል ፍሬውን እናዞራለን። ከፈነዳ በኋላ የሚገኘው ጥምዝ ቅርፊት ደግሞ ውጩ ጥቁር ቡናማና ጠጕራም፣ ውስጡ ገርጣ ያለና ልስልስ ነው። አቁማችሁ ቀስ እያላችሁ ስታዞሩት አንድ ቦታ ላይ አንዱ ጥምዝ ውስጡን ለመስኮቱ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ጥምዝ ውጩን ይሰጣል። እዚያ ላይ አቁሙ። በዚያ ሥዕል ላይ የፍንዳታው ኀይል ይታያል፤ ምንም እንኳ ፍሬው ከፈነዳ ወር ያለፈው ቢሆን።

የጉሎ ዘር ሌላ ችግር አለው፤ ያብረቀርቃል። ዥንጕርጕር ላዩ እንደ መስተዋት መስኮቱን ከነፍሬሙ መልሶ ያሳያል። ማንጸባረቁን ጨርሶ ማጥፋት አይገባም፤ ካጠፋነው ዘሩ ደብዛዛ ጠጠር ይሆናል። ነጠላውን በመስኮቱ ላይ ዘርጉና የፍሬሙ መስቀል ይጥፋ፤ የቀረው ነጭ ነጸብራቅ የዘሩን ክብነት ተከትሎ ይቀመጣል። እግረ መንገዴን ግን የጉሎ ዘር ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ እንዳለበት ላስጠንቅቅ። ሥራው ሲያልቅ እጅን መታጠብ፣ ዘሩንም ልጆች ከሚደርሱበት ቦታ ማንሣት ያስፈልጋል።

ኮሶን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ ባለኝ። ደርቆ በገበያ የሚሸጠው ዘለላ ጥቃቅን አበባ በአበባ ላይ የተጨናነቀበት፣ ሲነኩት የሚረግፍ፣ ከየትም ቢያበሩት ድብልቅልቅ የሚል ነው። እስካሁን ያገኘሁት መፍትሔ ዘለላውን በሙሉ መተውና አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ብቻ ለይቶ፣ ብርሃኑን ከኋላና ከጎን መካከል አድርጎ፣ በጥቁር መደብ ላይ ማንሣት ነው። የተሻለ የሚያውቅ ካለ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ያነጋግረኝ።

ስለ መደብ ካነሣሁ ዘንድ፣ ውድ ነገር አያስፈልግም። ያልነጣ አቡጀዲ ለጥቁር ፍሬ ይስማማል። ለገርጣው ፍሬ ጥቁር ጨርቅ ወይም ሲሠራበት የኖረ የሸክላ ምጣድ ይሆናል፤ የምጣዱ ጥቁረት ብርሃን አይመልስም። ካሜራ ግን በነጭ መደብ ፊት ሥዕሉን ያጨልማል፤ በጥቁር መደብ ፊት ደግሞ ከልክ በላይ ያነጣል፤ ሁሉን ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ነውና። እንደ መደቡ መጨመርና መቀነስ የአንሺው ፈንታ ነው። የክፍላችሁንም ግድግዳ ተመልከቱ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ በጥላው በኩል አረንጓዴነቱን ያበድራል፤ ነጭ ወረቀት ወይም ጨርቅ ጋርዱበት። አምፑሉን ደግሞ አጥፉ። የአምፑል ብርሃን ቢጫ፣ የሰማይ ብርሃን ሰማያዊ ስለ ሆነ ሁለቱ በአንድ ፍሬ ላይ ሲገናኙ የማያምር ቀለም ይወልዳሉ።

ስለ ካሜራው አጭር ልሁን። ፍሬው የማይንቀሳቀስ ስለ ሆነ ረዥም ጊዜ መስጠት እንችላለን፤ አንድ ሰከንድም ሁለት ሰከንድም ቢሆን አይከፋም። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ የሌለው መጻሕፍት ደራርቦ ካሜራውን ያስቀምጥበት፤ በጣት ሲጫኑት እንዳይነቃነቅም ራሱ ቈጥሮ እንዲያነሣ ያድርገው። ወደ ትንሽ ነገር በቀረብን መጠን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ይሳሳል፤ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ማጥበብ ይረዳል። ከዚያ በላይ ማጥበብ ግን ሥዕሉን በሙሉ ያደበዝዛል። ፍሬው በራሱ ልክ፣ አንድ ለአንድ፣ እስኪወጣ ድረስ ሌንሱን ካራቃችሁት በፊልሙ ወይም በመቀበያው ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጊዜውን 4 እጥፍ ማድረግ ነው። በካሜራው ውስጥ ያለ መለኪያ ይህን ራሱ ያስበዋል፤ በእጅ መለኪያ የሚሠሩ ግን አይርሱት።

አብዛኞቻችን የምንሠራው በእጅ ስልክ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ አያሳፍርም። ስልክ ግን አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ጥላ ሲያይ የተበላሸ መስሎት በራሱ ፈቃድ ያነጣዋል። ብልጭታው እንኳ ጠፍቶ ሳለ በመስኮቱ ያገኘነውን ጥላ ስልኩ ይሰርቀናል። ይህን የሚያደርገውን ክፍል አጥፉት፤ የማይጠፋ ከሆነ በጣታችሁ የበራውን ቦታ ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች አውርዱ። እጅግም አትጠጉ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ አንሥቶ በኋላ ዳሩን መቍረጥ ይሻላል።

ይህ ሥራ አዲስ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል አንድ ሰው ልጥቀስ። ካርል ብሎስፌልት የሚባል ጀርመናዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 ተወልዶ በ1932 የሞተ፣ በበርሊን በአንድ የጥበበ እድ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነበር። ሙያው ፎቶግራፍ አልነበረም፤ በወጣትነቱ በብረት ማቅለጫ ቤት የሠለጠነ ቅርጽ ሠሪ ነበር። ቡቃያውን፣ ግንዱን፣ የዘር ቤቱን ራሱ በሠራው ካሜራ እስከ 30 እጥፍ እያጐላ፣ በባዶ መደብ ፊት፣ በለስላሳ የቀን ብርሃን ያነሣ ነበር። ዓላማውም ተማሪዎቹ ቅርጽን ከተፈጥሮ እንዲማሩ ነበር። ለ30 ዓመት ያህል እንዲህ ከሠራ በኋላ በ1928 120 ሥዕሎች የያዘ መጽሐፍ ወጣለትና ዕድሜው ከ60 አልፎ ሳለ በድንገት ዝነኛ ሆነ።

ብሎስፌልትን የማደንቀውን ያህል በአንድ ነገር እንድንለየው እፈልጋለሁ። ቅርጹ ጐልቶ እንዲታይለት ቅጠሉን ይከረክም፣ የማይፈልገውንም ያስወግድ ነበር። ለእርሱ ዓላማ ትክክል ነበር፤ የሚያስተምረው ጌጥ መሥራትን ነውና። የእኛን ሥዕል ግን ነገ የዕፀዋት ተማሪ ሊያየው ይችላል። የአንዱን ፍሬ በሌላው ቅርንጫፍ ላይ የሚያጣብቅ፣ እንዲያብረቀርቅ ዘይት የሚቀባ፣ ያልተከፈተውን በቢላዋ ከፍቶ «በራሱ የተከፈተ» የሚያስመስል አንሺ ሰውን ያሳስታል። መከርከም ካስፈለገ ይከርከም፤ መከርከሙ ግን በጀርባው ይጻፍ።

ከዕፀዋት ክፍል ጓደኞቻችን ጋር ስንነጋገር «ፎቶግራፍ የደረቀ ናሙናን አይተካም» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ከሥዕል ላይ ዘር ፈልቅቆ መመርመር አይቻልም። ነገር ግን ናሙናው በሁለት ወረቀት መካከል ተጨፍልቆ ይደርቃል፤ ወፍራም ፍሬ ደግሞ አይጨፈለቅምና ተለይቶ በሣጥን ይቀመጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ብሔራዊ የዕፀዋት ማኅደር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ተጀምሮ በ2009 በተፈጸመው ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፀዋት በተዘጋጀው ትልቅ የመጻሕፍት ሥራ ውስጥ ያሉት ሥዕሎችም በመስመር የተሣሉ ናቸው። መስመር ቅርጹን በትክክል ይሰጣል፤ ከፋዩን፣ ሰሙን፣ የወረቀቱን ስስነት ግን ለመስጠት ይቸገራል። ፎቶግራፋችን ከናሙናው አጠገብ የሚቆምበት ቦታ እዚህ ላይ ነው፤ ናሙናውን ሊተካ አልተነሣም።

ይህም እንዲሆን ሥዕሉ ስም ያስፈልገዋል። ስም የሌለው የዘር ቤት ሥዕል፣ ቢያምርም፣ ለግድግዳ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ፍሬ ሁለት ጊዜ አንሡት፤ አንዱን ከጎኑ የሴንቲሜትር ማስመሪያና ትንሽ ወረቀት አድርጋችሁ፣ ሁለተኛውን ያለ ምንም። በወረቀቱ ላይ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የሰበሰበው ሰውና ስሙ ይጻፍ፤ ስሙም በአንድ ቋንቋ ብቻ አይሁን። ኮሶ በኦሮምኛ ሄጦ ነው። በክበባችን ውስጥ ከልዩ ልዩ አገር የመጣን ስለ ሆንን፣ ለአንድ ፍሬ ሦስትና አራት ስም እዚሁ ልናገኝ እንችላለን። የቀረውን በገበያ ደረቅ መድኃኒት የሚሸጡት እናቶች ያውቁታል። ወደ እነርሱ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ጥቂት ግዙ፤ ከዚያ «እማማ፣ ይህ ማን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ስም በመጽሐፍ ካነበባችሁት ጋር አልገጠመም ብላችሁ አታርሟቸው፤ ሁለቱንም ጻፉ። ለምን ሕመም እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚዘጋጅ የነገሯችሁ እንደ ሆነ ግን ያለ ፈቃዳቸው በጽሑፍ አታውጡት፤ የሚኖሩበት ሙያ ነው።

ዛፉ የተቈረጠ እንደ ሆነ ወይም ስሙን የሚያውቁት ሰዎች ያለፉ እንደ ሆነ ፍሬውንና ስሙን በአንድ ወረቀት ላይ አገናኝቶ የያዘ ነገር ዋጋው ይታወቃል። ስለዚህ በድምፅ መስጫው ዕለት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በገንዘቡ ወፍራም ወረቀትና የካርቶን ሣጥን ይገዛበት፤ ሁለት ማስመሪያ፣ ጥቂት ሜትር ነጭና ጥቁር ጨርቅም ይጨመር፤ የቀረው ለኅትመት ይዋል። የሰሜኑን ክፍል በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድንጠቀምበት ማኅበሩ ይጠይቅልን። ብልጭታ ለስፖርት ውድድርና ለማታ ስብሰባ ያስፈልጋል የሚሉትን እሰማለሁ፤ ለዚያ ሥራ እውነትም ያስፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን ዓመቱን በሙሉ የሠራነውን ብንቈጥር የማታ ሥዕላችን ጥቂት ነው።

ያመጣኋቸውን ፍሬዎች በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ትቻቸዋለሁ። ነጭ ወረቀቱም ነጠላውም እዚያው አለ፤ ብርሃኑ እስከ 11 ሰዓት ገደማ ይበቃናል። የጉሎውን ዘር የነካ ሰው እጁን ይታጠብ። በዳር በኩል ያለችው ረዥሟ ብርብራ ገና አልፈነዳችም፤ የምታነሷት ሰዎች ፊታችሁን ትንሽ ራቅ አድርጉ።